ረቡዕና ቅዳሜ የሚፈልቀው ምንጭ

መነሻ

ከቤት የወጣሁት የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ጠርሙስ የፈላ ውሃ፣ ሁለት ዳቦ፣ የእጅ ባትሪና ከሱቄ ያመጣሁት ፒንሳ ነበሩ። መንገዴ ሩቅ አልነበረም። ከዊንጌት ከፍ ብሎ ካለው ሰፈራችን ተነስቼ፣ በአዲሱ ገበያ በኩል አድርጌ፣ እስከ እንጦጦ ግርጌ ሽቅብ መውጣትና በዚያው ቀን መመለስ ነው። ብዙ አገር ያዩ ሰዎች ይህን ጉዞ ላይሉት ይችላሉ። እኔ ግን ከዚህ የሚረዝም መንገድ የሄድኩ አይመስለኝም።

ዓላማዬ አንድ ምንጭ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነበር።

ከግቢያችን ጀርባ ቁልቁል የሚወርድ ፈፋ አለ። ወገቡ ላይ በጥርብ ድንጋይ የተከበበ የድሮ ምንጭ አፍ ይታያል። ሰፈሩ ከመቆርቆሩ በፊት ሰው ይቀዳበት ነበር ይባላል፤ እኔ የማውቀው ግን ደረቁን ነው። ቤቱን ከተከራየሁ ጀምሮ ከቅጠልና ከፌስታል በቀር ምንም ይዞ አያውቅም። ከጥምቀት በኋላ፣ ሰማዩ አንድ ጠብታ ሳይጥል፣ ድንገት ውሃ ወጣበት። ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ክንድ የሚያህል ውሃ። ሲመሽ ቆመ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ተመልሶ መጣ።

እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሹ ስልኮችን እየፈታሁ፣ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚገናኝ እያየሁ ነው የለመድኩት። አንድ ነገር ሄድ መጣ ሲል መጀመሪያ የማየው መቼ እንደሚመጣ ነው። ምንጩ የሚመጣው ረቡዕና ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ደግሞ የሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ፈረቃ ነው። ልዩነቱ፣ ቧንቧችን ፈረቃውን ከረሳ ሳምንታት አልፈዋል። ቧንቧው የተወውን ቀን ምንጩ ይዞታል። ምንጭ ፈረቃ ከየት ተማረ?

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ሱቄን ዘግቼ ባልወጣሁ። ያስነሱኝ የቤት አከራዬ እማማ ትርንጎ ናቸው።

እማማ ትርንጎ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ምንጩ ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ውሃ አልቀመሱም። ማለዳ ማለዳ በባዶ ሆዳቸው ሁለት ጣሳ ይጠጣሉ። ሰንብተው ያስቀምጣቸው ጀመር፤ ያስመልሳቸዋል። ጉንጫቸው ጎደጎደ። የእጃቸው ቆዳ ሲቆነጠጥ እንደተቆነጠጠ ይቀራል። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል።

«ውስጤን እያጠበልኝ ነው፣ ብሩኬ» ይሉኛል። «ጠበል እንዲህ ነው። ክፉውን ሳያወጣ አይለቅም።»

«ቄሱ እኮ ጠበል ነው አላሉም፣ እማማ።»

«አይደለምም አላሉም።»

«እሺ ጤና ጣቢያ ልውሰድዎት። ካልሆነም አፍልተው ይጠጡት።»

«ምንጭ ይፈላል? እሳት ላይ የወጣ ምንጭ ይሞታል። ደግሞ እሱንም እንደ ስልክ ልትፈታው ነው?»

ባለፈው ረቡዕ ምንጩ ዶቃ ተፋ። ትንንሽ ልጆች ሹሩባቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉት ዓይነት፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ዶቃ ነው። አንዷ የእማማ ጣሳ ውስጥ ገባች። እሳቸውም አውጥተው አይተው፣ ስመው፣ ከማተባቸው ጋር አሰሯት። እኔ ያቺን ዶቃ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምድር ዶቃ አይሠራም።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ እንደ ልማዳችን የግቢውን ቧንቧ ከፍቼ ባልዲ ከሥሩ አስቀመጥኩ። በፈረቃ ቀን ሁሉም ቤት የሚያደርገው ነው። ውሃው በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ የሚያውቅ ስለሌለ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ይጠብቃል፤ ሲመጣ የባልዲው ድምፅ ይጠራናል። ቧንቧው አንዴ አየር ተነፈሰና ዝም አለ።

እማማ በሩ ላይ ተደግፈው ቆመዋል።

«በቀትር ወደ ውሃ እንዳትጠጋ» አሉኝ። «ቀትር የእነሱ ሰዓት ነው።»

«የእነማን?»

«የእነሱ ነው አልኩህ። ስም አይጠራም።»

አዲሱ ገበያ

ፈፋውን ይዤ ሽቅብ ወጣሁ። መንገዱ ከአጥሮች ጀርባ ለጀርባ የሚሄድ፣ የልብስ ማስጫና የተጣለ ጫማ የሞላበት ነው። የፈፋው ወለል ደረቅ ነበር። ቢሆንም አንዳንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ሳነሣ ሥሩ እርጥብ ነው፤ ጆሮዬን መሬት ላይ ብጥል ምንም አይሰማም። አዲሱ ገበያ አጠገብ ስደርስ ፈፋው በአስፋልቱ ሥር ወደሚያልፍ ቱቦ ገባና ጠፋብኝ። ባትሪ አብርቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ጨለማው ከባትሪዬ ይረዝማል። የቀዘቀዘ አየር ፊቴን ነካኝ፤ በዚያ ሙቀት ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ወደ ገበያው ወጣሁ። የታክሲ ረዳቶች «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላሉ። የሽንኩርት ከረጢት፣ የሸክላ ክምር፣ በጋሪ የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን። ከአንዷ ሻይ ሻጭ ዘንድ ቆሜ ሻይ ጠጣሁ። ሃያ ብር ነው፤ ብርጭቆዋን የምታጥበው ከሦስት ጣት የማይበልጥ ውሃ በያዘች ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ውሃው ራሱ ሻይ መስሏል።

ከእሷ አጠገብ ሰናይት ጎመን ትሸጣለች። የሰፈራችን ልጅ ነች፤ ቀልድ የሚሆንላት።

«ኧረ ዝምተኛው! ሱቅ ተዘግቶ? ሚስት ልታይ ነው?»

«ምንጩን እየተከተልኩ ነው።»

«እግር አውጥቷል በለኛ።» ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነትህን ነው?»

«አንቺ ጎመኑን በምን ታጥቢያለሽ?»

«በገዛሁት። ጀሪካኑ ሠላሳ ብር ገባ፤ ጎመኑ ሊበላኝ ነው። ከምንጩ አንድ ቀን ቀድቼ ነበር። ሳፋ ውስጥ አድሮ ጠዋት ሳየው ላዩ ላይ እንደ ዓይን ያለ ነገር ተንሳፍፏል። ቀለበት ቀለበት የሚሠራ፣ ቀለም ያለው። ሳፋውን ባዞርኩት ቁጥር ወደኔ ይዞራል። ደፋሁት።»

«ለእማማ ትርንጎ ነገርሻቸው?»

«ሳልነግራቸው ቀርቼ! ‹ዓይን ካለውማ ያየኛል› አሉኝ። ምን ትላቸዋለህ?» እፍኝ ጎመን ውሃ ላይ አራገፈችና አንገቷን ነቀነቀች። «ሰውነታቸው ግን አልቋል፣ ብሩክ። በቃ፣ ቶሎ የሆነ ነገር ካልተደረገ የሚያልፉ ይመስለኛል።»

ከዚያ ወዲያ አልቀለደችም። እኔም ሻዬን ጨርሼ ሽቅብ የሚሄድ ታክሲ ያዝኩ።

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል

ሰፈራችን ውስጥ ስለ ምንጩ ከሚወራው ሁሉ ደስ የሚለው ወሬ ዛፍ ነው። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ እየተነሣ አገር በቀሉ ስለተተከለ፣ ተራራው ውሃ መያዝ ጀመረ፤ የደረቀው ምንጭ የተመለሰው ለዚህ ነው ይባላል። እውነት ቢሆን ደስ ባለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ እጽዋት ማዕከሉ ገባሁ።

ከበሩ ትንሽ እንደራቅኩ የከተማው ድምፅ ተቆረጠ። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ግራር። መሬቱ ሲረገጥ አይንኳኳም፤ እንደ ፍራሽ ይሰጣል። ከአንድ የችግኝ መደብ አጠገብ ጎንበስ ብላ አረም የምታርም ሠራተኛ አገኘሁ። አለምነሽ ትባላለች። ጥያቄዬን ስነግራት መኮትኮቻዋን መሬት ላይ ተክላ ቀና አለች።

«ምንጭ ይመለሳል፣ አዎ። ግን እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እያፈረ ነው የሚገባ። በሩን በርግዶ አይመጣም። ና ላሳይህ።»

በቁጥቋጦ መሃል ወሰደችኝ። ሽበት የለበሰ አለት ሥር፣ አረንጓዴ ጭቃ ላይ፣ ከክር የማይወፍር ውሃ ይወርዳል። ካላሳየችኝ በላዩ ላይ እሄድ ነበር።

«ክረምት ከበጋ ይኸው ነው» አለች። «ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ያርፋል፣ ከቅጠሉ አፈሩ ላይ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። ውስጥ ስንት ዘመን እንደሚቀመጥ እግዜር ነው የሚያውቅ። ዛፉን ከቆረጥክበት ግን ዝናቡ በአንድ ቀን ታጥቦ ቁልቁል ይሄዳል፤ ክረምቱን ጎርፍ ነው፣ በጋውን አቧራ።»

የእኛ ምንጭ ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ እንደሚመጣ ነገርኳት። መኮትኮቻዋን ነቅላ አፈሩን አራገፈች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ ምንጭ አላውቅም፣ ወንድሜ። ቅዳሜ የሚመጣው ሰው ነው።»

ፈፋችን የሚጀምረው የት እንደሆነ ጠየቅኳት። ከአጥሩ ጥግ ወስዳ በጣቷ ቁልቁል አመለከተችኝ። ዳገቱ ሥር ጣሪያ የሌላቸው ቤቶች ሁለት ረድፍ ሠርተው ቆመዋል። ከላይ ሲታዩ የተከፈቱ ሳጥኖች ይመስላሉ።

«ያ ሰፈር ተነሥቷል» አለች። «ከገና በኋላ ነው ነዋሪዎቹ ሌላ ቦታ ቤት ተሰጥቷቸው የሄዱት። ሰው የለበትም።»

ጣሪያ የሌላቸው ቤቶች

ወደዚያ የወረድኩት ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትደርስ ነው። የእማማ ምክር ትዝ ያለኝ መሃል መንገድ ላይ ነበር፤ ጥላዬን ብፈልገው እግሬ ሥር ገብቷል።

መግቢያው ላይ በተነቀለ በርና ቆርቆሮ የተሠራ ጎጆ አለ። ከጎጆው ፊት ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ቡናማ ውሻ ተጋድሟል። ጋሽ ቶላ ይባላሉ። ከሱሉልታ በኩል የመጡ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። ቁጭ እንድል ድንጋይ ሰጡኝ። ካመጣሁት ዳቦ አንዱን ተካፈልን።

«ምን ይጠብቃሉ እዚህ?» አልኳቸው።

«ያን የቆርቆሮ ክምርና ጥርብ ድንጋዩን። ውስጥ አልገባም።»

«ለምን?»

ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። «ዛሬ ቅዳሜ አይደለ? ቆይ ትሰማለህ። ባለቤቶቹ ይመጣሉ።»

«ሄደዋል አይደል እንዴ?»

«ሄደዋል። በመኪና ሲጫኑ እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ። ግን ረቡዕና ቅዳሜ ይመጣሉ። ሲቀዱ፣ ሲያጥቡ፣ ባልዲ ሲሞላ ይሰማል። አንድ ቤት እንዳይመስልህ፤ ሁሉም ቤት ነው። ማታ ይሄዳሉ። በዚህ በር የወጣ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።»

«ገብተው አላዩም?»

«እኔ? ደሞዜ ቆርቆሮ ለመጠበቅ ነው እንጂ መንፈስ ለመጠበቅ አይደለም። ውሻውም አይገባም፤ እሱ ደግሞ ደሞዝም የለው።»

ፈገግ አልኩ፤ እሳቸው ግን ፈገግ አላሉም። ተነስቼ በቤቶቹ መሃል ባለው መንገድ ገባሁ።

በሮቹ ተነቅለዋል። መስኮቶቹ ተነቅለዋል። ግድግዳዎቹ ላይ ግን ሰው አለ፦ ሥዕል የተሰቀለበት ነጭ አራት ማዕዘን፣ የልጅ ቁመት የተለካበት የከሰል መስመር፣ ጥቁር የምድጃ ጥላሸት። ወፍ አይጮኽም። እንጦጦ ላይ ሁልጊዜ የሚነፍሰው ንፋስ እንኳ ያን ሰዓት ቆሞ ነበር። ቀትር ማለት ይህ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ከአንዱ ግድግዳ ጀርባ የሆነ ነገር ተነፈሰ።

ረጅም ትንፋሽ ነበር፤ ተኝቶ የነበረ ሰው ሊነቃ ሲል እንደሚስበው። ቆሜ ቀረሁ። ትንፋሹ ቆመ። ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት እንደ ሽማግሌ ሳለ። ሦስተኛው መለሰለት። በሁለቱም ረድፍ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቤቶቹ ተራ በተራ ሲተነፍሱና ሲስሉ እሰማለሁ፤ ዓይኔ የሚያየው ግን ፀሐይና ባዶ በር ብቻ ነው። ከኋላዬ ጋሽ ቶላ በኦሮምኛ «ያ ዋቃዮ!» ብለው አምላካቸውን ሲጠሩ ሰማኋቸው። እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር።

ያስቆመኝ የቆርቆሮ ድምፅ ነው። በመጀመሪያ ቀጭን፣ ጠብ ጠብ የሚል። ከዚያ እየወፈረ፣ እየሞላ፣ እየታፈነ የሚሄድ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ተኝቼም አውቀዋለሁ። በአዲስ አበባ ይህን ድምፅ ሰምቶ ከአልጋው ያልዘለለ ማን አለ?

ወደ መጀመሪያው ግቢ ገባሁ። መሃሉ ላይ የቆመ ቧንቧ አለ፤ ከሥሩ የቀለም ቆርቆሮ ተቀምጦ ሞልቶ ይፈሳል። ሁለተኛው ግቢ ውስጥ ከቧንቧው ሥር የተሰነጠቀ ሳፋ። ሦስተኛው ውስጥ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን። በየግቢው ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፣ በየቧንቧው ሥር አንድ ዕቃ ይጠብቃል። ከቧንቧዎቹ አንዱም የተሰበረ፣ አንዱም የተገነጠለ አልነበረም። ሁሉም ልክ እኔ ጠዋት እንደማደርገው ተደርገው የተተዉ ናቸው።

ያኔ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች የተነሡበት ቀን ውሃ የሌለበት ቀን ነበር። ቧንቧዎቹ እንደ ልማዳችን ተከፍተው ፈረቃ ይጠብቃሉ። አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር ፈትተው ሲወስዱ ቧንቧውን የዘጋ አልነበረም። ምንም የማይወርድበትን ቧንቧ ማን ይዘጋል? ከዚያ ወዲህ በየፈረቃው ውሃው እየመጣ፣ የሚጠብቀውን ዕቃ እየሞላ፣ የሚጠራውን ሰው እያጣ ሲፈስ ይውላል። እኛ በዚሁ ቀጭን መስመር ጫፍ ላይ ያለን የመጨረሻዎቹ ነን። ወደ እኛ የሚደርሰው አየሩ ብቻ ነበር።

ውሃውን ተከተልኩ። ከየግቢው ወጥቶ በመንገዱ ጠርዝ ባለው የድንጋይ ቦይ ውስጥ ይገናኛል፤ ከዚያ የረድፉ የመጨረሻ ግቢ ይገባል። እዚያ ከቧንቧው ሥር ጭቃው ላይ ሰማያዊ ዶቃዎች ተበትነዋል፤ አጠገባቸው የተበጠሰ ክር። ሹሩባዋን የምትፈታ ልጅ ጉዞው ደርሶባት የተነሳች ይመስላል። ዶቃዎቹ አንድ በአንድ ከውሃው ጋር ይንቀሳቀሳሉ። የሚሄዱበትን በዓይኔ ተከተልኩ።

ግቢው ጥግ ላይ የመጸዳጃ ቤቱ ወለል ወደ ውስጥ ተንዷል። ጉድጓዱ ጥቁር ነው። ያ ጥርት ያለ ውሃ፣ ከአለምነሽ ምንጭ የማይለይ ውሃ፣ ክንድ አክሎ ወደዚያ ይገባል። ድንጋይ ወረወርኩ። ድምፁ ዘግይቶ፣ ከሩቅና ከወደ ታች መጣ፤ ከእኛ ሰፈር በኩል። ድሮ የተቀበረ ቦይ ይሁን ወይም ምድሩ ራሱ ተቦርብሮ፣ ውሃው መንገድ አግኝቷል። ከሥሩ ያለውን ሁሉ እያጠበ ወርዶ እማማ ትርንጎ ጣሳ ውስጥ ይወጣል።

ጠርሙሴን አወጣሁ። ሳልጠጣ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ጋሽ ቶላ!» ብዬ ተጣራሁ። «ሰው አይደለም፣ ውሃ ነው! ይምጡ!»

«ውሃ ብቻውን ቧንቧ ይከፍታል?» ድምፃቸው ከበሩ አላለፈም።

«ክፍት ትተውት ነው የሄዱት!»

ቆይተው መጡ፤ ዱላቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ ውሻው ከእግራቸው ኋላ። የመጀመሪያው ግቢ ገብተው የቀለም ቆርቆሮውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቧንቧውን በገዛ እጃቸው ዘጉት። ውሻው የፈሰሰውን ይልስ ጀመር።

ረድፉን እሳቸው በቀኝ፣ እኔ በግራ ይዘን ወረድን። ዝገት የያዘውን በፒንሳ አዞርኩት። አንዱ ከነጭራሹ አልዘጋ ሲል ጋሽ ቶላ እንጨት ቀርጸው፣ የጎማ ቁራጭ ጠቅልለውበት አፉን ደፈኑት። በዘጋን ቁጥር ከድምፁ አንዱ ይቀነሳል። የመጨረሻው፣ የዶቃው ቧንቧ ሲዘጋ ሰፈሩ ጸጥ አለ።

ጋሽ ቶላ መንገዱ መሃል ቆመው አዳመጡ። ንፋሱ ተነስቶ ነበር።

«አሁን ነው የፈራሁት» አሉኝ። «እስከ ዛሬ ሰፈሩ ሰው ነበረው።»

ወደ ተነሣው ሰፈር የሚገባው መስመር እንዲዘጋ ለአለቃቸው እዚያው በስልክ ነገሩልኝ፤ ጉድጓዱም እንዲደፈን። ሁለተኛውን ዳቦ ትቼላቸው ወረድኩ።

መመለሻ

የወረድኩት በእግሬ ነው። ጀርባዬ ላይ ፀሐይ አለ፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን ያ ጸጥታ አለ። ሰናይት ገበያው ውስጥ አልነበረችም፤ ጎመኗን ሸፍና ሄዳለች። ፈፋው አፋፍ ላይ ስደርስ ግማሹ ሰፈር ምንጩ ዙሪያ ቆሟል። ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ጣሳ ይዘው። እማማ ትርንጎ ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጠው ማሰሯቸውን አቅፈዋል። ሰናይት ከኋላቸው ቆማለች።

«መጣና ሄደ» አለችኝ። «ትንሽ ፈሰሰና ተዋጠ። ከዚያ ጀምሮ እየጠበቁ ነው። ቤታቸው ልወስዳቸው ብል እንቢ አሉኝ።»

እማማ ፊት ቁጢጥ አልኩ።

«እማማ፣ ዘግቼው ነው።»

«ምንጭ ይዘጋል?»

ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ቤቶቹን፣ ቧንቧዎቹን፣ ጉድጓዱን። ብዙ መናገር አልችልም፤ ያን ቀን ግን ሳላቋርጥ ተናገርኩ። ከጀርባዬ ሰው መሳቅ ጀምሮ ተወው። አንዲት ሴት ጀሪካኗን ገልብጣ ደፋች።

እማማ ማተባቸው ላይ ያለችውን ዶቃ በጣታቸው ያዟት።

«ታዲያ ውስጤን ሲያጥብ የከረመው...»

«የሰው መጸዳጃ ነው፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ማሰሯቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ልጅቱ ደህና ናት?» አሉኝ።

«የትኛዋ ልጅ?»

«የዶቃዋ ባለቤት።»

«ሄዳለች። ሌላ ሰፈር ነች።»

«ይሁን። አንሳኝ፤ የምትለው ቦታ ውሰደኝ።»

ብብታቸውን ይዤ አነሣኋቸው። ባዶ ጀሪካን ያህል ቀለሉኝ። ሰናይት በሌላው በኩል ደገፈቻቸው፤ ለጤና ጣቢያው ነጠላቸውን እንያዝ ብለን መጀመሪያ ወደ ቤት ወጣን። ሰዉ ሁሉ ፈፋው ውስጥ ስለሆነ ሰፈሩ ባዶ ነው። በሮቹ ገርበብ ብለዋል። የኛን በር ሳንደርስ እማማ ቀጥ አሉ።

«ግቢ ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም የለም፣ እማማ።»

«አለ። ስማ።»

ሰማሁ። ውሃ ይፈስሳል፤ በሞላ ዕቃ ላይ የሚወርድ ውሃ። ከእኛ ግቢ ብቻ አይደለም። ከጎረቤት፣ ከጎረቤቱ ጎረቤት፣ ከማዶ፣ ባዶው መንገድ ግራና ቀኝ በየግቢው የሰው ዱካ የሌለበት መቅዳት፣ መሙላት፣ መፍሰስ። የጋሽ ቶላ ሰፈር ቁልቁል ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ። ከየበሩ ሥር ውሃ እየሾለከ፣ መንገዱ ላይ እየተገናኘ፣ ወደ ፈፋው ይወርዳል፤ ከምንጩ አፍ በላይ ባለ ስንጥቅም ይሰርጋል። ሳምንታት የተጠማነው፣ ዛሬ የላይኞቹን ቧንቧዎች ዘግቼ ወደ ታች የላክሁት ውሃ ነው። ባልዲዎቹ ሲጠሩን ሁላችንም ምንጭ ስንጠብቅ ነበር። የእኔን ቧንቧ ጠዋት የከፈትኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ያኔ ከፈፋው ውስጥ ጩኸት ተነሳ። እዚያ የቀሩት ሰዎች ናቸው።

«መጣ! ኧረ ተመለሰ! ምንጩ ተመለሰ!»

እማማ ትርንጎ እጄን ለቀቁ። «ሩጥ» አሉኝ። «ዝጋው!»

የእኛን ዘግቼ፣ አጥር ዘልዬ የጎረቤትን፣ ሰናይት በማዶ በኩል እየጮኸች በር እየገፋች፣ ባለቤቶቹም ሰምተው ሽቅብ እየሮጡ፣ ሁሉም እስኪዘጋ ድረስ ምንጩ ፈሰሰ።

እማማ ያን ቀን ጤና ጣቢያ ተኝተው በደም ሥራቸው ፈሳሽ ተሰጣቸው። ተርፈዋል። አሁን የሚጠጡት የፈላ ውሃ ነው። ዶቃዋን ግን አልፈቱም።

ከዚህ አጭር መንገድ የተማርኩት ውሃ ሕይወት ነው የሚለውን አይደለም፤ ያን ከጉዞው በፊትም አውቀው ነበር። የተማርኩት ውሃ የሚባክነው ስላለን ብቻ እንዳልሆነ ነው። ስላጣነውም እናባክነዋለን፤ ጥማታችን ራሱ ቧንቧውን ከፍቶ ይተዋል። ዛሬ በግቢያችን ማንም ቧንቧ ከፍቶ አይወጣም። ውሃ መምጣቱን የምናውቀው በየተራ ሄደን ከፍተን በማየት ነው። እኔም ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ እመለስና እነካዋለሁ፤ ደረቅ ቢሆንም አጥብቄ አዞረዋለሁ። የማይፈስስ ቧንቧ መዝጋት የሞተ ሰው ዓይን እንደ መክደን ነው። ለሟቹ ምንም አይጨምርለትም። ሳይከድኑት ግን ከቤት አይወጣም።